አንዴ ብቻ የሚጠይቁ ሰዎች

ዝናቡ ሰዎቹ ላይ ብቻ ነበር የሚዘንበው። ከኋላቸው ያለው መንገድ ደረቅ ነው፤ ጥግ ላይ የቆመችው ቢጫ መኪናም ደረቅ ናት፤ እንዲያውም ራቅ ብሎ አንድ ግቢ ውስጥ የተሰጣ ልብስ በነፋስ ሲወዛወዝ ይታያል። ሁለቱ ፍቅረኞች ግን በስብሰዋል። ከካሜራው ጀርባ አንድ ሰው መሰላል ላይ ወጥቶ በአትክልት ማጠጫ ጎማ ውሃ እያርከፈከፈባቸው እንደሆነ ለማወቅ ብልህ መሆን አያስፈልግም። «በጀታቸው እስከ መንገዱ አልደረሰም» አሉኝ ባልቴቷ። ከት ብዬ ሳቅሁ። አሜሪካ ከመጣሁ ወዲህ እንደዚያ ድምፅ አውጥቼ ስስቅ የመጀመሪያዬ ሳይሆን አይቀርም።

ባልቴቷ አሠሪዬ ናቸው። ሎስ አንጀለስ ጥግ፣ ቶራንስ ውስጥ፣ የነዳጅ ማጣሪያው ጭስ ማውጫ ከጓሮ በሚታይበት ቤት፣ ባላቸው ከሞቱ ወዲህ ብቻቸውን ይኖሩ ነበር። ባልየው መሐንዲስ ነበሩ አሉ፤ ለሁለት ዓመት ሥራ ብለው ከአውስትራሊያ ይዘዋቸው መጡና ሁለት ዓመቱ ዕድሜ ልክ ሆነ። እኔ ደግሞ በአርባ አራት ዓመቴ ዲቪ የደረሰኝ ሴት ነኝ። አገር ቤት የትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት እጠብቅ ነበር፤ እዚህ አሮጊት ጠባቂ ሆንኩ። ከምኖርበት ከኮሪያታውን እስከ ቶራንስ በአውቶቡስ አንድ ሰዓት ተኩል ይፈጃል። መድኃኒት አስውጣለሁ፣ ገላ አጥባለሁ፣ ምሳ አቀርባለሁ፣ ከምሳ በኋላ ደግሞ ፊልም እናያለን። የመጨረሻው ከሥራ ይቆጠር አይቆጠር ማንንም ጠይቄ አላውቅም።

ፊልሞቹ አንድ መደርደሪያ ሙሉ ነበሩ፤ ሁሉም የአውስትራሊያ፣ ሁሉም የፍቅር ኮሜዲ፣ ሁሉም ርካሽ። ባልቴቷ ሌላ ፊልም አያዩም። በአንዱ ውስጥ የመዋኛ ገንዳ እያጸዳ የሚኖር፣ ራሱ ግን ዋና የማይችል ሰው አለ፤ በሌላው ደግሞ በአንዲት የገጠር ከተማ ጋዜጣ ላይ የሞቱ ሰዎችን ታሪክ የምትጽፍ ሴት ከፍሪጅ ጠጋኝ ጋር ትዋደዳለች። ልጅ የሌለበት መንደር ውስጥ የአይስክሬም መኪና የምትነዳም ነበረች። ያቺ ቢጫ መኪና ቢያንስ በአራት ፊልም ውስጥ ትመጣለች፤ የዳይሬክተሩ ሳትሆን አትቀርም። አንድ ጉንጨ ሙሉ ሽማግሌም አለ፤ አንዱ ፊልም ላይ ቄስ ነው፣ ሌላው ላይ ሥጋ ሻጭ ነው፣ በአንደኛው ግን ቄሱም ሥጋ ሻጩም እሱው ነበር፤ ልዩነቱ መነጽር ብቻ። አንዳንዴ ሰዎቹ ሲሳሳሙ ከላይ አንድ ጸጉራም ነገር ብቅ ይላል። ድመት መስሎኝ ነበር፤ ማይክራፎን ኖሯል።

እኔ የምኖረው የፊልም ከተማ ውስጥ ነው። በየቀኑ አውቶቡሴ የሚያልፈው ፎቅ በሚያካክሉ የፊልም ማስታወቂያ ፊቶች ሥር ነው፤ ሁሉም ቆንጆ፣ የሁሉም ጥርስ ባንድ መስመር የተሰፋ። ሲያዩኝ ምን ትሠሪያለሽ እዚህ የሚሉኝ ይመስለኛል። የባልቴቷ ተዋናዮች ግን አፍንጫቸው በፀሐይ የተላጠ ነው። አንዱ ጠማማ ጥርስ አለው፤ አንዷ ስትስቅ ታንኮራፋለች፤ ዋናው ወንድ ራሱ ራሰ በራነት የጀመረው፣ ሸሚዙ ሆዱ ላይ የማይዘጋ ሰው ነው። አጎቴን የሚመስል ሰው በፍቅር ተይዞ እንቅልፍ ሲያጣ አየሁ። እነዚህ ሰዎች ፍቅር ከደረሳቸው ለእኔም ሳይተርፍ አይቀርም ብዬ ማሰብ የጀመርኩት ያን ሰሞን ነው። ይህን ለማንም አልተናገርኩም።

ከሁሉም የገረመኝ ግን ሰዎቹ «እወድሃለሁ» አለማለታቸው ነው። እሺም አይሉም። ጋዜጠኛዋ ፍሪጅ ጠጋኙን «ታገባኛለህ?» ስትለው ሰውየው መፍቻውን እንደያዘ ትንሽ ያስብና «ውሻውስ የት ይተኛል?» ይላታል። ፊልሙ አለቀ። እኔ ቀሪውን ስጠብቅ ባልቴቷ የወንበራቸውን እጀታ በጥፊ እየመቱ «እሺ አላት እኮ! አልሰማሽም?» ይሉኛል። የእሳቸው አገር ሰው ልቡ ሲሞላ ስለ ውሻ ነው የሚያወራው። ሦስት አራት ፊልም ካየሁ በኋላ እኔም ጆሮዬ ተከፈተ፤ አንዱ ከርዕሱ ወጣ ያለ የሞኝ ጥያቄ ከጠየቀ ነገሩ እንዳለቀለት ገባኝ።

የሚጠይቁትም አንዴ ብቻ ነው። ይህን የተማርኩት ከፊልም ሳይሆን ከሆዴ ነው። በመጀመሪያው ሳምንት ባልቴቷ ሳንድዊች ቆርሰው «ትበያለሽ?» አሉኝ። «አይ፣ በልቻለሁ፣ አመሰግናለሁ» አልኩ፤ ጠዋት ከቤት ስወጣ ውሃ ብቻ ጠጥቼ ነበር። እሳቸውም «መልካም» ብለው ድርሻዬን ፍሪጅ ውስጥ ከተቱት። የፍሪጁ በር ሲዘጋ አሁንም ትዝ ይለኛል። በማግስቱም እንደዚያው፣ በሦስተኛውም ቀን እንደዚያው። ሲደግሙልኝ እበላለሁ እያልኩ አራት ቀን ጾሜን ዋልኩ። በአምስተኛው ቀን ፊልሙ መሀል ላይ ሆዴ ጮኸ፤ ፍቅረኞቹ ዝም ባሉበት ሰዓት፣ ቤቱን የሚሞላ ጩኸት።

ባልቴቷ በሪሞቱ ፊልሙን አቆሙት። «ርቦሻል እንዴ?»

«ኧረ አልራበኝም።»

«ሆድሽ ሌላ ነው የሚለው።»

እያፈርኩ አስረዳኋቸው። እኛ አገር የመጀመሪያው ጥያቄ ለወጉ ነው፤ አይ ማለት ጨዋነት ነው። ሁለተኛውም አይ ይባላል፣ ትንሽ ለስለስ ተደርጎ። በሦስተኛው ጠያቂው «በሞቴ!» ይላል፤ ያኔ እንዳላስቀይምህ ብሎ መብላት ነው። ባልቴቷ ዓይናቸው ፈጠጠ። «በሞቴ? ሰው ለሳንድዊች በሞቱ ይምላል?» ከዚያ እስኪያስላቸው ሳቁ። «እኛ አንዴ ነው የምንጠይቀው፣ የኔ ውድ። ሰው አይ ካለ እናምነዋለን።» ተነስተው ሳንድዊቹን አመጡልኝ። ከዚያን ቀን ጀምሮ በእንግሊዝኛ ስጠየቅ ባንዴው እሺ ማለት ለመድኩ። በአማርኛ ግን አልለመድኩም፤ ጣጣዬም የመጣው ከዚያ ነው።

ቅዳሜ ዕረፍቴ ነው። ቅዳሜ የሐበሻ ሱቆች ወደተደረደሩበት ወደ ፌርፋክስ መንገድ እሄዳለሁ፤ በርበሬም ቢሆን፣ ምስርም ቢሆን አንድ ነገር እገዛና ከሱቆቹ መሀል አንዲት ምግብ ቤት ገብቼ ምሳዬን እበላለሁ። አስተናጋጇ ሁልጊዜ «ሰው ይመጣል?» ትለኛለች። «የለም፣ ብቻዬን ነኝ።» በያይነቱ ግን ለብቻ ሰው ተብሎ አይሠራም፤ ትሪው ክብ ነው፣ ዙሪያውን እንዲበሉበት የተሰናዳ። በእኔ በኩል ያለው ያልቅና ከማዶ ያለው ሳይነካ ይቀራል። ትሪው ሲነሳ ሳየው እዚያ ማዶ አንድ ያኮረፈ ሰው ተቀምጦ ሳይበላ የተነሳ ይመስለኛል። እዚያ ቤት ውስጥ ብቻዬን የምበላው እኔ ብቻ አልነበርኩም። አጠገቤ ያለው ጠረጴዛ ላይ አንድ ሰው ነበር።

የአውሮፕላን ማረፊያ መንገደኛ የሚያመላልስ ሹፌር ነው። ዕድሜው ሃምሳዎቹን አጋምሷል፤ በስደት መጥቶ ከሃያ ዓመት በላይ ሎስ አንጀለስ ኖሯል፤ ሚስቱን ከፈታ ቆይቷል፤ ልጆቹ አድገው ሌላ ስቴት ሄደዋል። ይህን ሁሉ የሰማሁት ቀስ በቀስ ነው። መጀመሪያ የጠየቀኝ ሚጥሚጣ እንዳቀብለው ነበር። «ይኸው ጋሼ፣ ይውሰዱ» አልኩት። እጁን አነሳ።

«ኖ፣ ኖ፣ ፕሊስ። ጋሼ አትበይኝ። አንተ በይኝ።»

ከባድ ነበር፤ ምላሴ ሁለት ሳምንት ፈጀበት። በሦስተኛው ሳምንት «አንተ» ስለው ሚጥሚጣውን ራሱ አንስቶ ሰጠኝ። ስለ ባልቴቷ ፊልሞች ነገርኩት፤ ስለ ጸጉራሙ ማይክራፎን፣ ስለ ባለ ሁለት ሥራው ቄስ። የሚስቀው ያለ ድምፅ ነው፤ ትከሻው ብቻ ይንቀጠቀጣል። ከዚያ ወዲህ ገና ሳልቀመጥ «ሶ፣ በዚህ ሳምንት ምን አየሽ?» ይለኝ ጀመር። ፊልም ሳይ ለእሱ የምነግረውን እየያዝኩ አያለሁ። አንድ ቅዳሜ በእውነተኛው ሰማይ እውነተኛ ዝናብ ዘነበና እስከ ቤቴ አደረሰኝ። ኮሪያታውን ደግሞ መኪና ማቆሚያ የሚባል ነገር የለም፤ «የት ፓርክ ላድርግ?» እያለ ሰፈሩን ሦስት ጊዜ ዞርን፣ እያወራን። አራተኛ ብንዞር ደስ ይለኝ ነበር። ስልክ የተለዋወጥነው ያን ቀን ነው፤ «ራይድ ከፈለግሽ ኮል አድርጊልኝ» ብሎ።

ከወር በኋላ ይመስለኛል፣ እጁን በጨርቅ እየጠረገ፣ ወደ እኔ ሳያይ፣ እንዲህ አለኝ፦

«ነገ ከሰዓት፣ በዘጠኝ ሰዓት፣ አንዲት ትንሽ ሲኒማ ቤት የአውስትራሊያ ፊልም አለ። የድሮ ኮሜዲ። ኦንላይን ሰርች አድርጌ ነው ያገኘሁት። ሶ... መጥቼ ፒክ ላድርግሽ?»

ልቤ ዘለለ። ይህን ሳልደብቅ ልጻፈው፤ እንደ ኮረዳ ዘለለ። ሰውየው ስለ እኔ ብሎ የአውስትራሊያ ፊልም ሲፈልግ አምሽቷል። አፌ ግን የእናቴ አፍ ነው። «አይ፣ አላስቸግርህ» አለ አፌ።

«ኦኬ» አለ። «ኖ ፕሮብለም።»

ወደ ትሪው ተመለሰ። ጠበቅሁ። ሲታጠብ ይደግመዋል አልኩ፤ አልደገመም። ሲወጣ በሩ ጋ ይደግመዋል አልኩ፤ «ቻው» ብሎኝ ወጣ። በማግስቱ ለብሼ፣ ተኳኩዬ፣ ስልኩን ጭኔ ላይ አድርጌ ሶፋው ላይ ተቀመጥኩ፤ ደውሎ ይደግመዋል ብዬ። ፊልሙ ይጀምራል ያለው ሰዓት አለፈ። የሚያልቅበትም ሰዓት አለፈ። ቤቱን ከእኔ ጋር የተከራዩት ሁለት ልጆች ከሥራ ሲገቡ «ውይ፣ የት ልትሄጂ ነው?» አሉኝ። «መጥቼ ነው» ብዬ ተነስቼ ልብሴን ቀየርኩ።

ከዚያ በኋላ ቅዳሜው ጠወለገ። ሰላም ይለኛል፣ በጨዋ ደንብ፤ ግን መስኮቱ ጋ ያለችው ጠረጴዛ ላይ መቀመጥ ጀመረ፣ ስልኩን እያየ። ምን አየሽ አይለኝም። መጀመሪያ ተናደድኩበት። ምን ዓይነት ወንድ ነው፣ ሁለቴ መጠየቅ ይሄን ያህል ይከብዳል፣ በሞቴ ማለት አንደበቱን ያቃጥለዋል? እያልኩ አውቶቡስ ውስጥ ብቻዬን ተሟገትኩ። በኋላ ንዴቱ አለቀና ናፍቆቱ ቀረ። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባበትም ተብዬ ነው ያደግሁት። እውነት ነው፣ ዝንብ አልገባም። ሌላም የገባ ነገር የለም።

ባልቴቷ ነቁብኝ። የዝናቡ ቦታ ላይ ስላልሳቅሁ ፊልሙን አቁመው ወደ እኔ ዞሩ። ተናዘዝኩ።

«መሄድ ፈልገሽ ነበር?»

«በጣም።»

«ታዲያ አይ ለምን አልሽ?»

«ሲደግምልኝ እሺ ልል።»

ሪሞቱን ግንባራቸው ላይ አስደገፉ። ከዚያ «ሰውየው እዚህ አገር ስንት ዓመቱ ነው?» አሉ።

«ከሃያ በላይ።»

«እንግዲያው እሱ ሳንድዊቹን ፍሪጅ ውስጥ ከቶታል። አሁን ተራው ያንቺ ነው፤ ሂጂና ጠይቂው።»

«እኔ? ሴት ሆኜ?»

መደርደሪያውን አሳዩኝ። «እዚያ ውስጥ ያሉት ሴቶች ምን አደረጉ?»

«እነሱማ ፊልም ናቸው።»

«ርካሽ ፊልም ናቸው» አሉ፣ ትንሽ ቆጣ ብለው። «ቶሎ ካልጠየቁ ፊልሙ ያልቅባቸዋል።»

እኔ ግን አልጠየቅሁም። የእኔ ፊልም የሚያልቅ አልመሰለኝም። አንድ ወር፣ ሁለት ወር፣ ቅዳሜ ቅዳሜ እሄድና ሰላም ተባብለን በየጠረጴዛችን እንበላለን። ከዚያ ባልቴቷ መታጠቢያ ቤት ውስጥ ወደቁ። አጥንታቸው አልተሰበረም፤ ልጃቸው ግን ከአውስትራሊያ መጣና ብቻዎን አይኖሩም አለ። ቤቱ በሁለት ሳምንት ውስጥ ካርቶን ሆነ።

ከመሄዳቸው በፊት በነበረው ቀን መደርደሪያው ፊት ቆመው «ፊልሞቹን ትወስ...» ሲሉ «እሺ!» አልኩ። ቃላቸውን እንኳ አላስጨረስኳቸውም። ሳቁ፤ ተማሪዬ አሉኝ። ዲቪዲዎቹ ለእነሱ አገር የተሠሩ ስለሆኑ እዚህ በሚሸጥ ማጫወቻ አይሠሩም፤ ስለዚህ ማጫወቻውንም ሰጡኝ፣ ሦስት ጠማማ እግር ካለው ሶኬቱና ጡብ ከሚያህል የኤሌክትሪክ መቀየሪያው ጋር። በሩ ላይ ስንሰነባበት እጄን ያዙና «ያቺን የአይስክሬሟን ፊልም እንዳትቧጭሪብኝ» አሉኝ። ምን እያሉኝ እንደሆነ ገባኝ። እኔም በእሳቸው ቋንቋ መመለስ ፈልጌ አንድም የሞኝ ነገር አልመጣልኝ አለ። አለቀስኩ ብቻ። ያን ሁሉ ዕቃ ጭኔ ላይ ታቅፌ ከቶራንስ ኮሪያታውን ስመለስ አጠገቤ ያለው ወንበር ባዶ ነበር፤ በዕቃው ብዛት ማንም ሊቀመጥ አልደፈረም።

እሁድ ከሰዓት፣ ልጆቹ ሥራ ላይ ሳሉ፣ ማጫወቻውን ሳሎን ውስጥ ገጣጠምኩ። ሠራ። የገንዳ አጽጂውን ፊልም ከፈትኩ፤ ዝናቡ ቦታ ደረሰ፤ ሰዎቹ በሰበሱ፤ መንገዱ ደረቅ ነው። «በጀታቸው እስከ መንገዱ አልደረሰም» አልኩ ጮክ ብዬ። ቤቱ ውስጥ ማንም የለም። ቃሉ ግድግዳውን መትቶ ሲመለስብኝ አፈርኩ። አሳዛኝ ፊልም ብቻን ሆኖ ማየት ይቻላል፤ እንባ አጃቢ አይፈልግም። እነዚህ ግን «ተመልከት፣ ድመቷ መጣች!» የሚባልለት ሰው ይፈልጋሉ። ያለዚያ ዝም ብለው ርካሽ ናቸው። ፊልሙን መሀል ላይ አጠፋሁት። በዚህ ከተማ ውስጥ ምን ያህል ብቻዬን እንደሆንኩ ያን ቀን ነው በደንብ ያወቅሁት፤ እስከዚያ ባልቴቷ ሸፍነውልኝ ኖሯል።

የሚቀጥለው ቅዳሜ ፌርፋክስ ስገባ መስኮቱ ጋ ተቀምጦ አገኘሁት። አስተናጋጇ «ሰው ይመጣል?» ሳትለኝ አልፌያት ጠረጴዛው ጋ ቆምኩ። ካለመናገር ደጃዝማችነት ይቀራል ይባላል፤ ደጃዝማችነት ይቅርብኝ፣ ሰው ግን አይቅርብኝ አልኩ በልቤ። ቦርሳዬን ጨብጬ ያዝኩ።

«አሠሪዬ አገሯ ገባች» አልኩት። በአማርኛ ስለ እሳቸው ሳወራ «እሷ» ማለቴ ራሴን ገረመኝ፤ ናፍቀውኝ ነው። «ፊልሞቹን ለእኔ ሰጥታኛለች፣ ከነማጫወቻው። ነገ ከሰዓት ቤት መጥተህ አንዱን ላሳይህ ብዬ ነበር።»

ቀና ብሎ አየኝ። ጆሮው ቀላ። ከዚያ ወደ ትሪው አየ፤ የእሱም ትሪ ከማዶ በኩል አልተነካም።

«አይ፣ አላስቸግርሽ» አለ።

«ኦኬ» አልኩት። «ኖ ፕሮብለም።»

ከአፌ እንዴት እንደወጣ አላውቅም። ሳልቀመጥ፣ ሳልበላ፣ ቻው ብዬው ወጣሁና አውቶቡስ ውስጥ ገባሁ። ጠየቅሁ፣ አይ አለ፣ አበቃ፤ ባልቴቷ እንዳሉት ሰው አይ ካለ ማመን ነው። ፊቴን ወደ መስኮቱ አዙሬ እንባዬን ስጠርግ ሁለት ፌርማታ አለፈ። በሦስተኛው ላይ ነው የደነገጥኩት። አላስቸግርሽ። ይህ የእኔ ቃል ነው። በዚያች ምግብ ቤት፣ ልቤ እየዘለለ፣ ሲደግምልኝ እሺ ልል የመለስኩለት ቃል። የሰማሁት እንግሊዝኛ መስሎኝ ነበር እንጂ ሰውየው በአማርኛ ነው አይ ያለኝ። ስንጠይቅ እንደዚህ አገር ሰው አንዴ እንጠይቃለን፣ ስንመልስ ግን እንደ እናቶቻችን ነን፤ በዚህ መሀል እኔና እሱ ከሦስት ወር በላይ በየትሪያችን ስንበላ ከረምን።

ወይም ደግሞ ተሳስቼ ይሆናል። አይ ያለው አይ ሊል ፈልጎ ይሆናል፤ እኔ ከዘገየሁ በኋላ ልቡ ቀዝቅዞ ይሆናል። እንደዚያ ከሆነና ከደጋገምኩበት ቅዳሜዋ ራሷ ትቀርብኛለች፤ ሌላ ቅዳሜ ደግሞ የለኝም። ስልኩን ይዤ አንድ ፌርማታ አለፈ። ከዚያ ደወልኩ።

መኪና ውስጥ ነበር፣ የመንገዱ ድምፅ ይሰማል። «ሃሎ? ራይድ ፈለግሽ?»

«አልፈለግሁም። ስለ ነገው ነው። ና እንጂ፣ ምን ችግር አለው።»

«አይ፣ አንቺም ሰሞኑን... ዕቃ ስታነሺ ስትጥዪ ከርመሻል። ነገ ሬስት አድርጊ።»

ሁለት። አንድ ቀረኝ። የአውቶቡሱ ሾፌር በመስታወት የሚያየኝ መሰለኝ፤ አጠገቤ የተቀመጠችው ሴትዮም ቀና አለች።

«በሞቴ» አልኩት። አውቶቡሱ ውስጥ፣ በአማርኛ፣ ጮክ ብዬ። «በሞቴ ና።»

መኪናውን ጥግ ያስያዘ መሰለኝ፣ ፍሬቻው ቀጭ ቀጭ ሲል ይሰማኛል። እንዲህ ብሎ የለመነው ሰው ከመቼ ወዲህ እንዳልነበረ አላውቅም። እስካሁንም አልጠየቅሁትም። ፍሬቻው ብቻ ቀጭ ቀጭ ይላል፤ እኔ እቆጥራለሁ። ዘጋው ስል ድምፁ መጣ፣ ትንሽ ሰለል ያለ።

«ምን ዓይነት ፊልም ነው?»

«ርካሽ ነው» አልኩት። «ዝናቡ ሰዎቹ ላይ ብቻ ነው የሚዘንበው።»

«እንዴ። ታዲያ ጃንጥላ ልያዝ?»

ባልቴቷ ቢሰሙ የወንበራቸውን እጀታ ይመቱ ነበር።

«ያዝ» አልኩት።